ናጂልን ማን ዐወቀው? ስለ አንድ የቀይ ባሕር አዳኝ ዓሣና ስለ ጥናቱ ታሪክ

የአንድ እንስሳ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበን አኗኗሩ ነው፤ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር፣ እንዴት እንደሚራባ እንጠይቃለን። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ እንስሳ ሁለተኛ ታሪክ አለው፤ ይኸውም ሰው እርሱን እያወቀ የመጣበት ታሪክ ነው። እነዚህ ሁለት ታሪኮች የተሳሰሩ ናቸው፤ ምክንያቱም ስለ እንስሳው የምናምነው ነገር ያየነው ሰዎች በቆምንበት ቦታ የሚወሰን ነው። በገበያ ላይ የተጋደመውን ዓሣ ያየ ሰውና በውኃ ውስጥ ሲያድን ያየው ሰው ስለ አንድ ፍጥረት ሁለት የተለያየ ወሬ ያመጣሉ።

ይህ አጭር ጽሑፍ ናጂል ስለሚባለው የቀይ ባሕር ዓሣ እነዚህን ሁለት ታሪኮች አያይዞ ለማቅረብ የተዘጋጀ ነው። ልመልሰው የምሞክረው ጥያቄም ይህ ነው፤ ከ1762 ጀምሮ ስመ ጥር ሊቃውንት ሲመላለሱበት የኖሩበት ባሕር ሆኖ ሳለ፣ የዚህ ዓሣ ዋነኛ ጠባይ በጽሑፍ እስኪገለጽ ድረስ እስከ 2006 መቆየቱ ስለ ምንድን ነው? በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ዓሣውና የአለቱ ምሽግ

ናጂል የሚለው ስም ዐረብኛ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ ያሉ አጥማጆች እርስ በርሳቸው ለሚመሳሰሉ ጥቂት ዝርያዎች በአንድነት ይጠሩበታል። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት እነዚህን ዝርያዎች ግሩፐር ከሚባሉት ትልልቅ አዳኝ ዓሦች ጋራ ቈጥረው ፕሌክትሮፖሙስ በሚባል ወገን ይመድቧቸዋል። ይህን የወገን ስም ሎሬንዝ ኦኬን በ1817 ያወጣው ሲሆን፣ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ «ባለ መውጊያ ክዳን» እንደ ማለት ነው፤ በጉንጩ ክዳን ታችኛ ጠርዝ ላይ ወደ ፊት ያዘነበሉ ጥቂት እሾኾች ስላሉት ነው። አካሉ ቀላ ያለ ወይም ቡናማ ሆኖ በላዩ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ተበትነውበታል። የትልቁ ዝርያ ርዝመት ከ1 ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ናጂል ሥጋ በል ነው፤ ዋና ምግቡም ሌሎች ዓሦች ናቸው። የሚያድነው በቀን ነው። ረጅም መንገድ እያሳደደ የሚያደክም ሯጭ አይደለም፤ በአለቱ አጠገብ ቀስ ብሎ እየዋኘ ይጠጋና በአጭር ርቀት ላይ በድንገት ይወረወራል። አፉንና የጉንጩን ክዳኖች በአንድ ጊዜ ሲከፍት ውኃው ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ከውኃውም ጋራ ትንሹ ዓሣ ተስቦ ይገባል። የያዘውን ቈርጦ አያላምጥም፤ እንዳለ ይውጠዋል።

ነገር ግን በኮራል አለት ላይ ማደን ቀላል ሥራ አይደለም። አለቱ የተሠራው እጅግ ብዙ ትንንሽ ፍጥረታት ለረጅም ዘመን ካከማቹት ኖራ ስለ ሆነ፣ በስንጥቅና በጉድጓድ የተሞላ ነው። ትንሹ ዓሣ አደጋ ባየ ጊዜ ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ ትልቁ አዳኝ ግን ሊከተለው አይችልም። ስለዚህ አለቱ ለታዳኙ ምሽግ፣ ለአዳኙ ደግሞ የተዘጋ በር ነው። ናጂል ከዚህ በር ፊት ሲቆም ምን ያደርጋል? የዚህ ጥያቄ መልስ ከሞተ ዓሣ ላይ ሊገኝ አይችልም። በዚህም ምክንያት ነው ለረጅም ዘመን ጥያቄው ራሱ ሳይነሣ የቀረው።

2. ፎርስኮልና በወረቀት ላይ የደረቁት ዓሦች

የቀይ ባሕርን ዓሦች በአዲሱ የሳይንስ ሥርዐት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው የመዘገበው ፔተር ፎርስኮል ነው። ፎርስኮል በ1732 በሄልሲንኪ ተወልዶ በስዊድን አገር ከታላቁ የሥነ ፍጥረት ሊቅ ከካርል ሊኔዩስ ዘንድ የተማረ ሰው ነበር። የዴንማርክ ንጉሥ ፍሬድሪክ 5ኛ ወደ ዐረብ አገር የምርምር ጓድ በላከ ጊዜ ፎርስኮል የሥነ ፍጥረት አጥኚ ሆኖ ተመረጠ። ጓዱ በጥር ወር 1761 ከኮፐንሃገን ተነሣ። ቊጥራቸው ስድስት ነበር፤ የቋንቋ ሊቁ ፎን ሃቨን፣ ፎርስኮል፣ ካርታ ሠሪው ካርስተን ኒቡር፣ ሐኪሙ ክራመር፣ ሠዓሊው ባውረንፋይንድና አሽከራቸው በርግሬን።

በ1762 መጨረሻ ላይ ከሱዌዝ በመርከብ ተነሥተው በጂዳ በኩል ወደ የመን ወረዱ። ፎርስኮል በየደረሰበት የባሕር ወደብ ዓሦችን እየሰበሰበ ገለጻቸውን ይጽፍ ነበር። ለማቈያም የራሱን ዘዴ ተጠቀመ፤ የዓሣውን የአንድ ወገን ቆዳ ገፍፎ፣ ተጭኖ አድርቆ፣ ልክ እንደ ዕፅዋት ቅጠል በወረቀት ላይ ይለጥፈው ነበር። ከእነዚህ ደረቅ ቆዳዎች ብዙዎቹ በኮፐንሃገን የእንስሳት ቤተ መዘክር ውስጥ ተጠብቀው ቈይተዋል።

ፎርስኮል ለታሪካችን እጅግ ተፈላጊ የሆነ ሌላ ልማድ ነበረው። ዐረብኛ ያውቅ ስለ ነበር የዓሣውን ስም ከአገሩ ሰዎች ይጠይቅና ያንኑ ስም ለዝርያው መጠሪያ ያደርገዋል። ሉቲ፣ ሱማና፣ ሮጋ፣ ቦሃር፣ ሐራክ የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ሁሉ ሊቃውንት መዝገብ ውስጥ የሚገኙት በዚህ መንገድ ገብተው ነው። ለምሳሌ ሉቲ የሚባለው የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጅራት የተሸከመ ግሩፐር፣ ከቀይ ባሕር እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ድረስ የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ በሁሉም ዘንድ የሚጠራው የቀይ ባሕር አጥማጆች በሚያውቁት ስም ነው። ይህ ሥራ ቀላል አክብሮት አይደለም። ዕውቀቱ ከማን እጅ እንደ መጣ በስሙ ውስጥ ተጽፎ ቀርቷልና።

የጉዞው ዋጋ ግን ከባድ ሆነ። ፎን ሃቨን በግንቦት 1763 በሞካ፣ ፎርስኮል በሐምሌ 11 ቀን 1763 በየመን ተራራማ አገር በያሪም ከተማ በወባ ሞቱ። ፎርስኮል ያን ጊዜ 31 ዓመቱ ነበር። ባውረንፋይንድና በርግሬን ወደ ሕንድ አገር ሲሻገሩ በመርከብ ላይ፣ ክራመር ደግሞ በ1764 በቦምቤይ ዐረፉ። ከስድስቱ በሕይወት ወደ ኮፐንሃገን የተመለሰው ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የደረሰውም በ1767 ነው። የወዳጁን ማስታወሻ አሰናድቶ በ1775 ያሳተመው እርሱ ነው፤ የፎርስኮል ዓሦች ሁሉ የሚጠቀሱት በዚህ ዓመት ነው። ስለዚህ በመዝገብ ላይ ከስሙ አጠገብ የምናየው «1775» የሚለው ቊጥር ከሞተ 12 ዓመት ያለፈው ሰው ድምፅ ነው ማለት ይቻላል።

3. የምጽዋ መቃብርና የፍራንክፈርት ሣጥኖች

ከፎርስኮል በኋላ ባሕሩን ያጠኑት ሁለት የፕሩሲያ ሰዎች፣ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሄምፕሪኽና ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤሬንበርግ ነበሩ። እነዚህ ወጣቶች ከ1820 እስከ 1825 በግብጽ፣ በሲና፣ በዐረብ ዳርቻና በምጽዋ ተዘዋውረው እጅግ ብዙ የዕፅዋትና የእንስሳት ናሙና ሰበሰቡ። ሄምፕሪኽ በሰኔ 30 ቀን 1825 በምጽዋ በንዳድ ሞቶ በዚያው በጠዋሉድ ደሴት ተቀበረ፤ ዕድሜው 29 ነበር። ኤሬንበርግ ብቻውን ወደ በርሊን ተመልሶ በ1834 ስለ ቀይ ባሕር የኮራል ፍጥረታት የታወቀውን ሥራውን አሳተመ።

በዚሁ ዘመን የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤዱዋርድ ሩፔል ከ1822 እስከ 1827 በሰሜን አፍሪካና በቀይ ባሕር ተጕዞ፣ የሰበሰባቸውን ዓሦች ሥዕላቸው ባማረ መጽሐፍ ገለጸ። ዛሬ ናጂል ከሚባሉት አንዱ፣ ፕሌክትሮፖሙስ አሬኦላቱስ፣ የሳይንስ ስሙን ያገኘው ከሩፔል ነው፤ ዓመቱም 1830 ነው። ሩፔል እንደ ገና በ1831 ወደ ምጽዋ መጥቶ፣ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ሳለች በሰሜን ተራሮች አልፎ ጎንደር ደረሰ። ጭላዳና ዋልያ በ1835፣ ቀይ ቀበሮ በ1840 ወደ ሳይንስ መዝገብ የገቡት በእርሱ ብዕር መሆኑን ብዙ ተማሪዎች ያውቃሉ። ያው ሰው የቀይ ባሕርንም ዓሦች የጻፈ መሆኑ ግን እምብዛም አይነገርም። ናፖሊዮን የሚባለውን ግንባረ ጉብጥ ትልቅ ዓሣ በ1835 የገለጸው እርሱ ነው፤ ይህን ዓሣ በኋላ ከናጂል ጋራ በአደን ላይ እናገኘዋለን።

ሌላው ጀርመናዊ ካርል ቤንያሚን ክሉንዚንገር የሚባል ሐኪም ነው። ይህ ሰው በግብጽ መንግሥት አገልግሎት በቁሴይር ወደብ ለብዙ ዓመት ኖረ። ከቀደሙት የሚለየው በዚህ መቀመጥ ነው፤ እነዚያ መንገደኞች ነበሩ፣ እርሱ ግን ከአጥማጆቹ ጋራ ጎረቤት ሆኖ ዓመት ከዓመት ተመለከተ። በ1870 እና በ1871 ያሳተመው የቀይ ባሕር ዓሦች ዝርዝር ለብዙ ዘመን የሊቃውንት መሠረት ሆኖ ቈይቷል።

የእነዚህን ሰዎች ሥራ ስንመዝን ሁለት ነገር እናገኛለን። በአንድ በኩል፣ ናሙናው ባይሰበሰብና ክንፉ፣ እሾኹና ቅርፊቱ ባይቈጠር ኖሮ በኋላ የመጡት ሰዎች ያዩት ዓሣ የትኛው እንደ ሆነ ሊያውቁ ባልቻሉም ነበር። በሌላ በኩል ግን፣ ዓሣው ወደ እነርሱ የሚደርሰው ከውኃ ወጥቶ፣ ከሞተ ወይም ሊሞት ከተቃረበ በኋላ ነው። በሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ሊያዩ ይችላሉ፤ የበላውን እንዴት እንደ ያዘ ግን ሊያዩ አይችሉም።

4. ስለ ስም ስሕተት

በገበያ ላይ በተገኘ ዓሣ ላይ ብቻ መመርኰዝ በስም ረገድ እንኳ ችግር አስከትሏል። የቀይ ባሕሩ ትልቅ ናጂል ለረጅም ዘመን በብዙ ጽሑፎች ውስጥ ሲጠራ የኖረው ማኩላቱስ በሚል ስም ነው። ይህ ስም የበርሊኑ ሐኪም ማርኩስ ኤሊዘር ብሎኽ በ1790 ለሌላ ዝርያ ያወጣው ነው፤ እውነተኛው ማኩላቱስ በምዕራብ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚኖር እንጂ በቀይ ባሕር የሚገኝ አይደለም። በ1904 ደግሞ አሜሪካዊው ሄንሪ ፋውለር ከሱማትራ በመጣ ናሙና ላይ ተመሥርቶ ፔሱሊፌሩስ የሚል አዲስ ስም አወጣ። በመጨረሻ ጆን ራንዳልና ዳግላስ ሆዝ በ1986 ወገኑን በሙሉ እንደ ገና መርምረው፣ የቀይ ባሕሩ ናጂል የሱማትራው የቅርብ ዘመድ ሆኖ ራሱን የቻለ ዘር መሆኑን አስረዱ፤ ማሪስሩብሪ ብለውም ሰየሙት። ትርጓሜው «የቀይ ባሕር» ማለት ነው። በቅርቡ አንዳንድ ሊቃውንት ፈጽሞ የተለየ ዝርያ አድርገው ይቈጥሩታል።

እንግዲህ አጥማጁ ከጥንት ጀምሮ ናጂል እያለ የሚጠራው ዓሣ፣ በሳይንስ መዝገብ ላይ የአገሩን ስም ያገኘው በ1986 ነው። ከዚህ ተነሥቶ የላቲን ስም ከንቱ ነው ማለት ግን አይገባም። አጥማጁ ሁለቱን ዝርያዎች በአንድ ስም ያጠቃልላቸዋል፤ ሊቁ ግን ይለያቸዋል፤ የጂዳውና የማኒላው ተመራማሪም ስለ አንድ ነገር መነጋገራቸውን የሚያረጋግጡት በዚሁ ስም ነው። የሚያስፈልገው ፎርስኮል እንዳደረገው ሁለቱን ስሞች ጐን ለጐን መጻፍ ነው።

5. ዐይን ወደ ውኃ ሲወርድ

ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 ሰው አየር ተሸክሞ በነጻነት የሚዋኝበትን መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ በኋላ የአጥኚው ቦታ ተለወጠ። የኦስትሪያው ሐንስ ሐስ በ1949 እና በ1950 በፖርት ሱዳን አጠገብ ጠልቆ በ1951 የታየውን ፊልም አነሣ። በ1952 እና በ1953 አንድ የኢጣልያ ጓድ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ሠርቶ፣ ፎልኮ ኩዊሊቺ «ስድስተኛው አህጉር» የተባለውን ፊልም በ1954 አወጣ። በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ጓድ በዳህላክ ተቀምጦ ዓሦቹን መረመረ። በዚያን ዘመን ኤርትራ አስቀድሞ በፌዴሬሽን፣ ከ1962 በኋላ ደግሞ በቀጥታ በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ከ1993 ወዲህ ግን ምጽዋም ዳህላክም የነጻዪቱ የኤርትራ ግዛት ናቸው።

በውኃ ውስጥ የቈየ ሰው ቀስ በቀስ ከዚህ በፊት ያልተጻፈ ነገር ማየት ጀመረ። በ1978 ካርፕሉስ የተባለ ተመራማሪ አንድ ግሩፐር ሞሬይ ከሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ጋራ ተከታትሎ ሲመገብ ማየቱን በአጭሩ አስታወቀ። ያ ግሩፐር ፎርስኮል በ1775 ፋሺያቱስ ብሎ የሰየመው ዓሣ ነው። ከስሙ እስከዚህ ጠባዩ ድረስ ያለው ርቀት 203 ዓመት መሆኑ ነው። በ1985 ዲያማንትና ሽፒገል በዐቃባ ባሕረ ሰላጤ ግሩፐሮች ሞሬይንና ኦክቶፐስን እየተከተሉ እንደሚያድኑ ጻፉ። እስከዚህ ድረስ ግን ሊባል የሚቻለው ግሩፐሩ ሌላው አዳኝ ያባረረውን ለመልቀም ይከተላል ብቻ ነበር።

6. ጥሪው

በ2006 ሬዱዋን ብሻሪና ሦስት ባልደረቦቹ በግብጽ አገር በራስ ሙሐመድ የኮራል አለቶች ላይ ናጂልን ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። ከባልደረቦቹ አንዱ ሐንስ ፍሪከ በቀይ ባሕር የዓሦችን ጠባይ በጠለቃ ሲያጠና ብዙ ዓመት የቈየ ሰው ነው።

ያዩትም እንዲህ ነው። የራበው ናጂል ትልቁ ሞሬይ ወደ ተኛበት ጉድጓድ ይሄዳል። ሞሬዩ እስከ 3 ሜትር ሊረዝም የሚችል፣ ብዙውን ጊዜ በሌሊት የሚያድንና በቀን የሚያርፍ ነው። ናጂሉ ከፊቱ ሲደርስ ራሱን በፍጥነት ይነቀንቃል። ብዙ ጊዜ ሞሬዩ ከጉድጓዱ ወጥቶ ይከተለዋል፤ ሁለቱም ጐን ለጐን በአለቱ ላይ ይሄዳሉ። ሞሬዩ ቀጭንና ተጣጣፊ ስለ ሆነ ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ ናጂሉ በውጭ ይጠብቃል። ትንሹ ዓሣ በስንጥቁ ውስጥ ቢቀር ሞሬዩ ያገኘዋል፤ ወደ ውጭ ቢሸሽ ናጂሉ ይይዘዋል። ከላይ «የተዘጋ በር» ያልነው ነገር በዚህ ዘዴ ይከፈታል። የተያዘውን ያዢው እንዳለ ስለሚውጠው በክፍፍል ጠብ አይነሣም። አንድ ጊዜ አንዱ፣ ሌላ ጊዜ ሌላው ያገኛል፤ ነገር ግን ሁለቱም ብቻቸውን ከሚያድኑበት የበለጠ ይጠቀማሉ።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር ታየ። ያሳደደው ዓሣ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የጠፋበት ናጂል፣ ከስንጥቁ በላይ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እንደዚያም ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል። በአካባቢው ያለው ሞሬይ ይህን አይቶ ወደዚያው ይመጣል። በ2013 አሌክሳንደር ቬይል፣ አንድሬያ ማኒካና ብሻሪ ይህን የራስ ቁልቁል አቋቋም በጥልቅ መርምረው፣ አንዱ ለሌላው አንድን ነገር የሚያመለክትበት ምልክት ሊባል የሚገባው ነው አሉ። ሩፔል በ1835 የገለጸው ናፖሊዮን ዓሣም ለዚህ ምልክት ታዝዞ ይመጣል፤ እርሱ ደግሞ በጠንካራ መንጋጋው የተደበቀውን ያስወጣል።

ዓሣ «ይናገራል» ወይም «ያስባል» ብሎ ለመወሰን መቸኰል አይገባም፤ ሊቃውንቱም የተናገሩት ስለሚታይ ሥራ እንጂ ስለ ዓሣው ውስጣዊ ሐሳብ አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር ተረጋግጧል። ናጂልን ጅል ሆዳም አድርጎ የሚያስበው የድሮ ሥዕል ወድቋል። ጥሪ የሚያቀርበው ሲርበው መሆኑ፣ የሚጠራውም ሊረዳው የሚችለውን መሆኑ ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ በመስታወት ውስጥ በአልኮል የተቀመጠ ናሙና ለዘለዓለም ሊናገር አይችልም ነበር።

7. ዕውቀትና ጥፋት

እስካሁን የተናገርነው ታሪክ የማወቅ ታሪክ ነው። ነገር ግን ዓሣን ማወቅ ሁልጊዜ ለዓሣው ደግ አይሆንም። ከግሩፐሮች አብዛኞቹ በመጀመሪያ ሴት ሆነው ያድጋሉ፤ በዕድሜና በአካል ሲጨምሩ ወደ ወንድነት ይለወጣሉ። ስለዚህ አጥማጁ ትልልቁን እየመረጠ ሲያወጣ በተለይ ወንዶቹን ያጐድላል። ደግሞም ብዙዎቹ ለመራባት በተወሰነ ወር፣ በተወሰነ የጨረቃ ቀን፣ በተወሰነ ቦታ ይሰበሰባሉ። ቦታውንና ቀኑን የሚያውቅ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ የሰፊ አካባቢን ዓሣ ሊያሟጥጥ ይችላል። በካሪቢያን ባሕር ናሶ የሚባለው ግሩፐር ብዙ የመሰብሰቢያ ስፍራዎቹ በዚህ መንገድ ባዶ ሆነዋል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌ በሰላማዊ ውቅያኖስ በፓላው ደሴቶች ይገኛል። ሮበርት ዮሃንስ የተባለ የባሕር ሕይወት ሊቅ በ1970ዎቹ ከደሴቲቱ አጥማጆች ጋራ ተቀምጦ የሚያውቁትን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1981 ታተመ። አጥማጆቹ ብዙ ዓሦች በየትኛው የጨረቃ ቀን እንደሚራቡ ለይተው ያውቁ ነበር፤ ከዚያም ብዙው በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ገና ያልተጻፈ ነበር። ደግሞም ሹማምንቶቻቸው ለተወሰነ ጊዜ ማጥመድን የሚከለክሉበት ቡል የሚባል የቈየ ሥርዐት ነበራቸው። በፓላው በአንድ ስፍራ ከሚሰበሰቡት ግሩፐሮች መካከል የሩፔል አሬኦላቱስና ፎርስኮል በ1775 ፉስኮጉታቱስ ብሎ የሰየመው ይገኙበታል። በቀይ ባሕር የተሰየሙ ዓሦች ጠባይ በከፊል የታወቀው በሌላ ዓለም ዳርቻ ባሉ አጥማጆች አፍ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ይመስለኛል። የአጥማጁ ዕውቀትና የሊቁ ዕውቀት አንዱ ሌላውን ይፈልጋል፤ ሁለቱ ሲለያዩ ግን የሚጐዳው ዓሣውና በዓሣው የሚተዳደረው ሕዝብ ነው።

8. ይህ ጉዳይ እኛን የሚነካው በምን በኩል ነው?

አንባቢው «ባሕር በሌለበት አገር ስለ ኮራል ዓሣ መጻፍ ምን ይጠቅማል?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ሩፔል ከምጽዋ ተነሥቶ ጣና ሐይቅ ደርሷል፤ የጣናን ዓሦችም ገልጿል። ከእነርሱም አንዱ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ እስከ ዛሬ «ጎርጓሪ» በሚል በቋንቋችን በሚሰማ ስም ይጠራል። በጣና ከሚገኙት የዚያ ወገን ዓሦች ብዙዎቹ እንደ ናጂል ሌሎችን ዓሦች የሚያድኑ ናቸው። ከእነርሱም በርካታዎቹ በክረምቱ ማብቂያ ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ጉማራን የመሰሉ ወንዞች ለዚህ የታወቁ ናቸው። ከ1986 በኋላ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች ወደ ሐይቁ ሲገቡ፣ በወንዞቹ አፍ የሚጣለው መረብ እየበዛ ሄዶ የእነዚህ ዓሦች ቊጥር በ1990ዎቹ ውስጥ እጅግ ቀነሰ። በፓላውና በካሪቢያን የተነሣው ጥያቄ እንግዲህ በባሕር ዳር ከተማ አጠገብም ተነሥቷል።

ስለዚህ ለተማሪ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንደኛ፣ በጣናም ሆነ በዝዋይ፣ በአባያም ሆነ በጫሞ አጥማጆቹ ለየዓሣው የሚሰጡትን ስም ከትርጓሜው ጋራ ሰብስበን ከላቲኑ ስም አጠገብ እንጻፍ። ሁለተኛ፣ አጥማጆቹ ስለ ወራቱ፣ ስለ ጨረቃውና ስለ መሰብሰቢያው ስፍራ የሚሉትን እንደ ተረት ሳንንቅ፣ እንደ እውነትም ሳንመረምር ሳንቀበል፣ በውኃው ላይ ወርደን እንፈትነው። ሦስተኛ፣ የመሰብሰቢያውን ስፍራ ዐውቀን ስንጽፍ ማን ሊጠቀምበት እንደሚችል አስቀድመን እናስብ፤ ዓሣው በሚራባበት ወር መረቡ እንዲነሣም ከአጥማጆቹ ጋራ እንምከር።

በመግቢያው ላይ የጠየቅነው ጥያቄ ናጂልን ማን ዐወቀው የሚል ነበር። ፎርስኮል የአጥማጁን ቃል ሰምቶ የዓሦቹን ስም መጻፍ ጀመረ፤ ሩፔል ናሙናውን ገለጸ፤ ክሉንዚንገር ተቀምጦ ተመለከተ፤ ራንዳልና ሆዝ ስሙን አስተካከሉ፤ ጠላቂዎቹ ሥራውን አዩ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን መንጠቆውን ጥሎ ስሙን ያወጣለት አጥማጅ ነበር፤ የእርሱን ስም የጻፈ ማንም የለም። ቢያንስ በአገራችን ሐይቆች ላይ ይህ ጉድለት እንዳይደገም ማድረግ በእጃችን ያለ ሥራ ነው።